በማዕረግ ብዛት ቦታ ስላጣው ሠንጠረዥ

ለ«ፈውስና ምርምር» የሕክምና መጽሔት ዋና አዘጋጅ
ለክቡር ዶክተር ወንድምአገኘሁ ቀለሙ
ደሴ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ፣ ቦታ ከተገኘም አንድ ሠንጠረዥ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና በመጽሔትዎ ገጽ ላይ ከነማዕረጋቸው ለተሰለፉት ሊቃውንት በሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ የደሴ ብርድ በሐምሌ አጥንት ውስጥ እንደሚገባ ስለማውቅም ጋቢዎን እንዳይረሱ አደራ እላለሁ። እኔና ቤተሰቤ አልሐምዱሊላህ እስከዚች ሰዓት ደህና ነን። እስከዚች ሰዓት ማለቴን ልብ ይበሉልኝ።

በሺር ይማም እባላለሁ፤ የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከሽመና የወጣ ጨርቅ በመብራት ላይ እየተሳበ ሲያልፍ እንከኑን በመፈለግ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ዲግሪ የለኝም፤ ይህን ከወዲሁ የምናገረው ኋላ ደብቆን ነበር እንዳልባል ነው።

ብዕር ያስነሳኝ ምስጋና ነው። መጽሔታችሁ በቅርቡ ባወጣው ርዕሰ አንቀጽ፣ ከእንግዲህ የእያንዳንዱ ጸሐፊ የትምህርት ማዕረግ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ሳይቀነስ ከስሙ ጎን እንደሚታተም፣ ይህም የሚደረገው «አንባቢ ማንን ማመን እንዳለበት እንዲያውቅ» መሆኑን አብስራችሁናል። እኛ እስከዚያ ድረስ ሰውን የምናምነው የተናገረው ነገር ሲሆን አይተን ነበር፤ ብዙ ጊዜ የሚፈጅ፣ ኋላ ቀር ዘዴ ነው። ከዚህ ድካም ስለገላገላችሁን እጅ እነሳለሁ። ከምስጋናው ጋር የተያያዙ ጥቂት ቅሬታዎች ስላሉኝ ግን በተራ ቁጥር አስከትላለሁ።

፩. ባለፈው እትም ላይ፣ አንድ ጊዜ በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ቀጣዩን ልጇን ኦፕራሲዮን በማይሠራበት የገጠር ጤና ጣቢያ ብትወልድ ስጋት እንደሌለው የሚያስረዳ ጥናት ወጥቷል። መነጽሬን አድርጌ ላነብ ተቀመጥኩ፤ ከርዕሱ ቀጥሎ የተደረደረውን ማዕረግ ጨርሼ ቀና ስል ግን ገጹም አልቆ ነበር። ኤምዲ አለ፤ ኤምፒኤች አለ፤ ፒኤችዲ አለ፤ በቅንፍ «በመከታተል ላይ» የተባለ ፒኤችዲ አለ፤ የክብር ዶክትሬት አለ፤ በአመራር ክህሎት ለተሰጠ የአጭር ጊዜ ሥልጠና የተገኘ ምስክር ወረቀትም አለ። የአንደኛው ሊቅ ማዕረግ ከነአያታቸው ስም ከተጻፈው ስማቸው በልጦ ወደሚቀጥለው ዓምድ ተሻግሯል። በእኛ ፋብሪካ ትልቅ ምልክት የተለጠፈበት ጣቃ ሲመጣ መጀመሪያ ምልክቱን ገልጠን ከሥሩ ያለውን ጨርቅ እናይ ነበር። ክፉ ልማድ ነው፤ ጡረታ ወጥቼም አልለቀቀኝም።

፪. የጸሐፊዎቹ ቅደም ተከተል በማዕረግ ብዛት እንደሚወሰን ከደንባችሁ ተረድቻለሁ። ይህ ለእኛ ለወሎዎች እንግዳ ነገር አይደለም። ድግስ ቤት ባለማዕረግ ሲገባ «ከፍ በሉ፣ ከፍ በሉ» ይባላል፤ የተቀመጠው ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ወደ በሩ ይገፋል፤ በመጨረሻ ድንኳኑን የተከለው ሰው ደጅ ይቀራል። በዚህ ጥናት ደጅ የቀረችው አዋላጅ ነርሷ ሀኒ ናት፤ ስሟ ከሁሉ በታች፣ በአንድ ዲግሪ ተደግፎ ቆሟል። እናቶቹን የተከታተለችው፣ ከወለዱ በኋላም ቤታቸው ድረስ የሄደችው እሷ ነበረች። ከላይ የተቀመጡትን ታላቅ ሰው በስልክ ስለ ጥናቱ ዝርዝር ብጠይቃቸው፣ ዝርዝሩን ከታች ያለችው ልጅ እንደምታውቅ በትህትና ገልጸው ስልኩን ዘጉ። ሀኒን ብጠይቃት ደግሞ «አባባ፣ ስሜ የት እንዳለ አይተኸዋል፤ እኔን ማን ይሰማኛል?» አለችኝ። እንግዲህ ላይኛው አያውቁም፣ ታችኛዋ አትደመጥም፤ በመካከል ያሉት ደግሞ ማዕረጋቸው ብዙ ነውና ለማነጋገር አልደፈርኩም።

፫. ጥናቱ፣ ጤና ጣቢያ የገቡት እናቶች በሙሉ «ጤና ጣቢያውን በሕይወት ለቀዋል» ይላል። እውነት ነው። አንዲት ቃል ውሸት የለበትም። ከእነዚያ እናቶች አንዷ የልጄ የሂሻም ሚስት ፈትሂያ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን ኡሙሰልማን ደሴ ላይ በኦፕራሲዮን ተገላግላለች። ሁለተኛው ሲደርስ ግን፣ እንደ ድሮው ቀድማ ወደ ደሴ መሄድ እንደማያስፈልጋት፣ ጥናት እየተሠራ እንደሆነ ተነግሯት፣ ከቢስቲማ ወዲያ ባለ፣ ስሙን በማልጠራው ጤና ጣቢያ ገባች። ምጡ ሲከፋባት ማህፀኗ መተርተሩ ታወቀ፤ ያኔ አምቡላንስ ተጠራ። ከበሩ ስትወጣ በሕይወት ነበረች፤ ሂሻም እጇን ይዟል፤ ፊቱን አይታ «አብሽር» ብላዋለች። እኛ አገር አብሽር የሚባለው ለፈራ ሰው ነው፤ እሷ ናት መፍራት የነበረባት፣ ግን እሱን አጽናናችው።

እኔ ልቀበላቸው ከኮምቦልቻ ተነስቼ ሐይቅ ከተማ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። ሳይረኑን ከሩቅ እሰማለሁ ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ። ሳይረን አልነበረም። አምቡላንሱ እንደማንኛውም መኪና፣ ለሚያቋርጡ ከብቶች እየቆመ፣ ቀስ ብሎ መጣ። የሚያስቸኩለው ነገር አልነበረም። እሷም፣ በሆዷ የነበረውም ልጅ፣ መንገድ ላይ ቀርተዋል።

ሀኒ ለቅሶ መጥታ ከእኛ ጋር አልቅሳለች፤ ለጥናቱ እንደሚያስፈልግ ነግራን የሆነውን ሁሉ ጽፋ ወስዳለች። ስለዚህ አልታወቀም ነበር ብዬ ማንንም ነጻ ማውጣት አልችልም። ፈትሂያ በእናንተ መጽሔት እስከ ዛሬ በሕይወት የወጣች እናት ናት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ፤ የማን ስም በማን መቃብር ላይ እንደሚውል ግን የነገረኝ አልነበረም።

፬. ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብዬ ደሴ ፒያሳ ወዳለው ጽሕፈት ቤታችሁ ወጣሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ረዳትዎ ወይዘሪት ትንሳኤ በመልካም ፊት ተቀበለችኝ፤ አላህ ይስጣት፣ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ጤና ጣቢያውን ከለቀቁ በኋላ ደሴ ሳይደርሱ ወይም ደርሰው የሞቱት እናቶች የት እንደተጻፉ ስጠይቃት ኮምፒውተሯን ከፍታ አየችና እውነቱን ነገረችኝ። «እሱን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነበረ፣ አባባ። ግን ለጽሑፉ የተፈቀደው ገጽ ሞላብን። ማዕረጉ ሳይቀነስ ይታተም ስለተባለ፣ ቦታ ስናጣ ሠንጠረዡን ቀነስነው።» ክፋት አልነበረባትም፤ የገበታ ጨርቅ ጠባብ ሆኖ እንደተቆረጠ ያህል ነው የነገረችኝ። በሠንጠረዡ ፋንታ የአመራር ክህሎቱን ምስክር ወረቀት መቀነስ ይቻል እንደነበር በአክብሮት ጠየቅኳት። «ባለቤቱ ይቀየማሉ» አለችኝ።

ወላሂ፣ ክቡር ሆይ፣ አልተቆጣሁም። መልሱ ትክክል ነው፤ የሞቱት አይቀየሙም። ፈትሂያ ብቻዋን እንዳልነበረች፣ በተቀነሰው ሠንጠረዥ ውስጥ ሌሎችም እንደነበሩ ያወቅሁት ያን ዕለት ነበር። የእነዚያ አባቶች የትኛው መንገድ ዳር ቆመው እንደጠበቁ አላውቅም። መጽሔቱን ገዝተው እንዳነበቡም አላውቅም።

፭. ስህተቱ እንዲታረም «ለአዘጋጁ» በሚለው ዓምድ በኩል ለመጻፍ ሞክሬያለሁ። ሂሻም በስልኩ ድረ ገጻችሁን ከፍቶ፣ እኔ እየነገርኩት እሱ ጻፈ። ልንልክ ስንል ገጹ በቀይ ፊደል ማዕረጋችንን እንድንሞላ አዘዘን። ከሚመረጡት ውስጥ ዝቅተኛው ሁለተኛ ዲግሪ ነበር፤ አማት የሚል የለም፤ አባት የሚልም የለም። ሂሻም ተናዶ «ዝም ብለህ ፕሮፌሰር በል፣ ማን ያጣራል?» አለኝ። ሚስቱን የቀበረ ልጅ ነውና አልገሠጽኩትም፤ ማንም እንደማያጣራም አልተጠራጠርኩም። ብሞላው ኖሮ ዛሬ ይህን በመጻፍ ፋንታ፣ ከፍ ይበሉ ተብዬ ከሊቃውንቱ መካከል በተቀመጥኩ ነበር።

በዚህ ጊዜ ፈሪድ የሚባል የጎረቤት ልጅ፣ በአፈር ጥናት ሁለተኛ ዲግሪ ያለው፣ በስሙ እንዲላክ ፈቀደልን። መጽሔታችሁ በዚያው ዕለት መለሰለት፤ ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። መልሱም፣ ቅሬታ አቅራቢ ማዕረጉ ቅሬታ ከቀረበበት ጸሐፊ ማዕረግ ያነሰ እንደሆነ ቅሬታው እንደማይታይ በጨዋ ቋንቋ የሚገልጽ ነበር። ፈሪድ ሳቀ። ስለ አፈር ስለተማረ የእኛን ነገር እሱ ቢያውቀው ተገቢ ነው፤ የእኛዎቹ እናቶች ያሉት እሱ በሚያጠናው አፈር ውስጥ ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይላሉ አባቶች። ደሴና ኮምቦልቻ ስንት የተማረ ሰው እያለ፣ እኔ ሞቶ የተቀበረን ሰው ሞቷል የሚልልኝ ባለማዕረግ አጣሁ። ይህ ደብዳቤ በግልጽ የተጻፈው ስለዚህ ነው።

ተራ ቁጥሩን እዚህ ላይ ላቁም። እስካሁን ያልኩት ያለፈ ነው፤ ያለፈውን ለአላህ ሰጥቻለሁ። ያላለፈ ነገር ግን አለ።

ሰልዋ የምትባል ሴት ልጅ አለችኝ። ባሏ ሙዓዊያ ያንኑ ጤና ጣቢያ በሚጠጋ መንደር ያርሳል። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን ነው የተገላገለችው፤ አሁን ሁለተኛውን ይዛለች፤ ወሯም ገብቷል። ድሮ ቢሆን ጤና ጣቢያው ራሱ ሪፈር ጽፎ፣ ቀኗ ሳይደርስ ደሴ ሄዳ እንድትጠብቅ ያደርጋት ነበር። አሁን የጥናታችሁ የመጀመሪያ ገጽ በላስቲክ ተለብጦ በማዋለጃው ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ነው የተሰቀለው፤ በእሱ ላይ ደግሞ ርዕሱና ማዕረጉ እንጂ ሌላ ነገር እንደሌለ እርስዎም ያውቃሉ። እኛ አገር ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ መርፌ የሚወጋውም፣ ካርድ የሚያወጣውም ዶክተር ይባላል። እንዲህ ላለ ሕዝብ ያን ያህል ማዕረግ በአንድ ገጽ ላይ ማሳየት ምን እንደሚያደርግ ልነግርዎ አልችልም፤ አይቼ ነው የመጣሁት። ማንበብ የማይችሉት እናቶች ሳይቀሩ የመስመሩን ርዝመት በጣታቸው እየተከተሉ «ይህ ሁሉ ዶክተር!» ይላሉ።

ልወስዳት ሄጄ ነበር። ሙዓዊያ ጨዋ ልጅ ነው፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «የፈትሂያ ቀደሯ ነው፣ አባባ» አለኝ። «እኛ የተነገረን ማንም አልሞተም ተብሎ ነው። አንቱ ከዚህ ሁሉ ዶክተር ይበልጣሉ?» ቀደርን፣ የአላህን ውሳኔ፣ እኔም አምናለሁ፤ ነገር ግን ግመልህን አስረህ በአላህ ተመካ ተብለናል። የግመሏን ገመድ የፈታው መጽሔታችሁ ሆኖ ሳለ፣ እኔ ለአማቼ ምን ልመልስለት?

ሰልዋ ደግሞ ሆዷን ደግፋ ሳቀችብኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ በእኔ ፍርሃት መሳቅ ትወዳለች። «አብሽር አባባ» አለችኝ። «መጽሔቱ ራሱ ተሳስተናል ይበል፤ በማግስቱ ጓዜን ይዤ እመጣለሁ። በአንተ ፍርሃት ግን ቤቴን ዘግቼ አልሄድም።» ያቺን ቃል ከእሷ አፍ ስሰማ ምን እንደተሰማኝ እዚህ አልጽፍም፤ ገጹ አይበቃም። የልጄ ሕይወት የተንጠለጠለው በእናንተ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ እንደሆነ ግን ያን ቀን ገባኝ። እኔ አባቷ ብለምናት አትሰማኝም፤ እናንተን ትሰማለች።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። በፋብሪካችን እንከን ያለበት ጨርቅ ሲገኝ፣ እንከኑ ባለበት ትክክል በጠርዙ ላይ ቀይ ክር እናስር ነበር። ጣቃው አይቃጠልም፤ ሸማኔውም አይሰደብም፤ ክሩ የሚታሰረው ጨርቁን ነገ ለሚቆርጠው ሰው ነው። እኔም የማንም ሊቅ ማዕረግ እንዲነሳ፣ የማንም ስም እንዲጎድፍ አልጠየቅኩም። ከጤና ጣቢያው በሕይወት ከወጡት እናቶች መንገድ ላይና ደሴ ደርሰው የሞቱ እንዳሉ፣ በኦፕራሲዮን የወለደችን እናት ኦፕራሲዮን በሌለበት ማስቀመጥ እንደማይገባ የሚናገር አንዲት ቀይ ክር ብቻ እሰሩልኝ። ቦታ ከጠበበ፣ የአመራር ክህሎቱን ምስክር ወረቀት ለአንድ እትም ብቻ ያበድሩን፤ በክብር እንመልሳለን።

ወይዘሪት ትንሳኤ ቀጣዩ እትም በመስከረም እንደሚወጣ ነግራኛለች። የሰልዋ ቀን መስከረምን አይጠብቅም። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ከጤና ጣቢያው እስከ ዋናው መንገድ ያለው ጭቃ የሰው እግር ይውጣል፤ ሳይረን ያለውም የሌለውም መኪና እኩል ይሰምጣል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ እርማቱ በድረ ገጻችሁ ላይ ዛሬውኑ ቢወጣ ሂሻም በስልኩ ይዞላት ይሄዳል። ድረ ገጽ ገጹ አይሞላም ብሎኛል ልጄ፤ እውነት ከሆነ መቼም የቦታ እጥረት አይነሳም።

ውድ ጊዜዎን ወስጄ፣ ምናልባትም አንድ የማዕረግ መስመር ሊያርፍበት ይችል የነበረውን ወረቀት በማይረባ ስም ሞልቼ ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ አላህ ለልጆችዎ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥ፣ እርስዎንም መንገድ ዳር ቆሞ ከመጠበቅ እንዲሰውርዎ እለምናለሁ። ማዕረጌንም በደንባችሁ መሠረት፣ አንድም ሳላስቀር ከስሜ ጎን አሰፍራለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
በሺር ይማም፣ የሂሻም አባት፣ የሰልዋ አባት፣ የፈትሂያ አማት፣ የኡሙሰልማ አያት፣ የሰልዋ ሁለተኛ ልጅ አያት (በመጠባበቅ ላይ)
ኮምቦልቻ

ግልባጭ፦
ለጥናቱ ጸሐፊዎች፣ ከታች ወደ ላይ እንዲዳረስ
ለጤና ጣቢያው የማዋለጃ ክፍል ግድግዳ
ለሰልዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሂሻም ይህን ደብዳቤ በፌስቡክ ሊያወጣው ፎቶ ሲያነሳ ሙዓዊያ ደወለ። ሰልዋን ምጥ ይዟታል፤ ጤና ጣቢያ አስገብቷታል፤ «አብሽሩ ተብለናል» አለኝ። ስልኩን ሳይዘጋ ደግሞ «አባባ፣ ከከፋ አምቡላንስ የሚጠራው በማን ስልክ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ባለፈው ከዶክተሮቹ እበልጥ እንደሆነ የጠየቀኝ እሱ ነው። አሁን መኪና ልፈልግ እየወጣሁ ነው። እስከ ጤና ጣቢያው የሚያደርሰኝ ካጣሁ ሐይቅ ላይ እወርዳለሁ፤ የምቆምበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ሳይረን እንድሰማ ዱዓ አድርጉልኝ። ለመጽሔታችሁ እንዲመች፦ ስሟ ሰልዋ በሺር ነው፤ ማዕረግ ስለሌላት ከግማሽ መስመር አትበልጥም። ወደ ጤና ጣቢያው በሕይወት ገብታለች። ስለ አወጣጧ ለሚጻፈው ቦታ ያዙላት።